የበላሽው ትርፉን ነው ወይስ ዋናውን?

ውድ እህቴ፣ ኮሌጅ ገብተሽ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ልትማሪ አስበሽ፣ «ለትንሽ ንግዴ ምን ያደርግልኛል?» ብለሽ ትተሽው ይሆን? እስቲ አብረን እናስላ። በ1,000 ብር ዕቃ ገዝተሽ በ1,300 ሸጥሽ። ለመጓጓዣ 200 ከፈልሽ። ማታ ከሽያጩ ላይ 150 ብር ለአስቤዛ አነሣሽ። ትርፍሽን የበላሽ መስሎሻል፤ ትርፉ ግን 100 ብር ብቻ ነበር። 50 ብሩ ከዋናው ተበልቷል! ሱቅ የሚዘጋው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው።

የጀማሪዎች ኮርስ ይህንን ያስተምርሻል፦ የቤትንና የንግድን ገንዘብ መለየት፣ እያንዳንዱን ሂሳብ ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ አድርጎ መመዝገብ፣ ደረሰኝን በየቀኑ ፋይል ማድረግ። ኤክሴሉ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

እስክትመዘገቢ ግን አትጠብቂ። ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዢ፤ የገባውንና የወጣውን ሳትተኚ ጻፊ።