የክትባት ጉዳት ካሣ፦ ክስ፣ ሽምግልና ወይስ ፈንድ?

ለአብዛኛው ልጅ ክትባት ማለት የክንድ ሕመምና የአንድ ሌሊት ትኩሳት ነው። እጅግ አልፎ አልፎ ግን ከባድ ጉዳት ይደርሳል። ይህ በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ቢያጋጥም ቤተሰቡ ካሣ የሚጠይቀው ማንን ነው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት በር ይከፍታል። በአንቀጽ 2085 አምራቹን፣ በአንቀጽ 2126 ደግሞ ሠራተኛው በሥራው ላይ ጥፋት ከፈጸመ መንግሥትን መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ማስረዳት የከሳሹ ፈንታ ነው፤ በአንቀጽ 2143 መሠረትም በ2 ዓመት ውስጥ ያልቀረበ ክስ በይርጋ ይታገዳል።

ከባዱ ማስረዳቱ ነው። ከክትባት በኋላ የመጣ ሕመም ሁሉ ክትባቱ ያመጣው አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን 15 ሕፃናት የሞቱት አንድ መርፌ ለ4 ቀናት እየተደጋገመ በመሥራቱና የኩፍኝ ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ በመቆየቱ ነበር። ጥፋቱ የአሰጣጡ እንጂ የክትባቱ አልነበረም። ይህን የሚለየው ማስረጃ ነው፤ የክትባት ካርዱ፣ ቀኑ፣ በብልቃጡ ላይ የታተመው የባች ቁጥር፣ ጤና ጣቢያው ወዲያው የመዘገበው ሪፖርት። ብልቃጡ ከተጣለ፣ ቁጥሩም ካልተጻፈ፣ ጠበቃም ሐኪምም ብዙ አይረዱም።

በወለጋ እንዲህ ያለ ጉዳይ ከፍርድ ቤት በፊት ሽማግሌ ዘንድ ቢደርስ አያስገርምም። እርቅ መልካም ነው፤ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 ስምምነትን በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። የሕፃኑ ጉዳት ምን ያህል እንደሚጸና ሳይታወቅ ለሕክምና ወጪ ብቻ የፈረመ አባት የነገውንም መብት አብሮ ይፈርማል። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፣ ፊርማው ይከተል።

ለኮቪድ ክትባት ሌላ መንገድ ነበር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን 2.184 ሚሊዮን ዶዝ ከዓለም አቀፉ የኮቪድ ክትባት ማከፋፈያ ከኮቫክስ የተረከበችው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኮቫክስ ለ92 አገሮች ጥፋተኛ ሳይፈለግ ካሣ የሚከፈልበት ፈንድ አቋቁሞ ነበር። ጀርመን ይህን አሠራር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ አሜሪካም የልጆች ክትባት ካሣን የምትከፍለው በእያንዳንዱ ዶዝ ክትባቱ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 የአሜሪካ ሳንቲም ቀረጥ እየሰበሰበች ነው።

ልጆች የሚከተቡት ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ነው። ጥቅሙን ሁላችንም የምንጋራ ከሆነ ጥቂቶች ላይ የሚወድቀውን ሸክምም መጋራት ይገባናል። የኢትዮጵያ መደበኛ ክትባትም እንዲህ ያለ ፈንድ ያስፈልገዋል፤ የሚጎዳው ልጅ እንደማይጣል ያወቀ ወላጅ ቀሪዎቹን ልጆቹን በሙሉ ልብ ያስከትባል።