ከደጋ ላይ ባሕር የሚጠብቅ ጽሕፈት ቤት

ከኬንያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከሺሞኒ መንደር በጀልባ ወደ ዋሲኒ ደሴት ለሚሻገር እንግዳ የሚታየው ብዙ ነው። ከደሴቲቱ ወዲያ ባለው በኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ጥብቅ ክልል ዶልፊኖች በቡድን ብቅ ጥልቅ ይላሉ። አረንጓዴ ኤሊዎች የባሕር ሣር ይግጣሉ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ከአንታርክቲካ አካባቢ ለመውለድ የመጡ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ከውኃው ላይ ሲዘሉ ይታያሉ። ክልሉን የሚያስተዳድረው የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። በኪሲቴ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ሲሆን፣ በምፑንጉቲ ግን በባህላዊ መንገድ ማጥመድ ይፈቀዳል።

ሆኖም ለእነዚህ እንስሳት የአንድ አገር ጥበቃ አይበቃቸውም። እንስቷ ኤሊ እንቁላሏን የምትጥለው ራሷ በተፈለፈለችበት አካባቢ ነው፤ የምትመገበው ግን በሌላ አገር ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎረቤት ሲጠብቃት ሌላው ካጠመዳት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

የናይሮቢ ስምምነት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ1985 ተፈርሞ በ1996 ሥራ ላይ ዋለ። ከሶማሊያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉትን የጠረፍ አገሮች፣ ማዳጋስካርን፣ ኮሞሮስን፣ ሲሸልስንና ሞሪሺየስን፣ በአካባቢው ደሴቶች ያሏትን ፈረንሳይንም ጨምሮ 10 አባላት አሉት። ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በካሩራ ደን አጠገብ በምትገኘው የናይሮቢ ሰፈር፣ በጊጊሪ ነው። ከዚያ እስከ ባሕሩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ጀልባ አሰማርቶ አጥማጅ አያሳድድም። ሥራው አባል አገሮችን ማገናኘት፣ የባሕሩን ጤንነት የሚያሳዩ ጥናቶችን ማሰባሰብና አገሮቹ የገቡትን ቃል ወደ ተግባር እንዲለውጡ ማገዝ ነው። ከስምምነቱ ጋር አብረው ከወጡት ሁለት ፕሮቶኮሎች አንዱ ስለ ጥብቅ ቦታዎችና ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት፣ ሌላው በድንገተኛ የባሕር ብክለት ጊዜ ስለ መተባበር ነው።

በ2010 ደግሞ ከየብስ የሚመጣ ብክለትን የሚመለከት ፕሮቶኮል ጸደቀ። ይህ ተገቢ ነበር፤ ባሕሩን ከሚጎዱት ነገሮች ብዙዎቹ ከመሬት የሚወርዱ ናቸውና። ኮራል በውስጡ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን በሚሠሩት ምግብ ይኖራል። በጎርፍ የወረደ አፈር ውኃውን ሲያደፈርስ ብርሃኑ ይቋረጥና ኮራሉ ይዳከማል፤ ኮራሉን ቤታቸው ያደረጉ ዓሦችም አብረው ይጎዳሉ።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የስምምነቱ አባል አይደለችም። ነገር ግን ከባሌና ከሲዳማ ተራሮች የሚወርደው ገናሌ ዶሎ አዶ አጠገብ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይባላል፤ ከዚያም ሶማሊያን አቋርጦ ኪስማዮ አጠገብ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል። የኛ አፈርና ውኃ መጨረሻው ይኸው ባሕር ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ዋሲኒ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ኮራል አለመርገጥን፣ ኤሊ አለመንካትንና ባለ ጀልባው ዶልፊኖቹን እንዳያሳድድ መጠየቅን አይርሳ። የተራራውን ዳገት እርከን ሠርቶ የሚጠብቀው የባሌ ገበሬም ከእርሱ ባላነሰ የባሕሩ ጠባቂ ነው።