ኪስ ውስጥ የጠፋው በረዶ፦ ከትንሽ ልጅ ጋር የሥዕል መጽሐፍ ስናይ

ታይዋን ገበያ ገብተን ለትንሽ ልጅ ምን እንገዛለን? መጫወቻ መኪና፣ የሚያበራ ጫማ፣ ካስቸገረም ዝም የሚያሰኝ ሞባይል። የሥዕል መጽሐፍ ቶሎ ትዝ አይለንም። ዛሬ ስለ አንዱ እናውራ።

መጽሐፉ «ዘ ስኖዊ ደይ» ይባላል፣ «በረዷማው ቀን» እንደማለት ነው። ኤዝራ ጃክ ኪትስ የተባለ የኒውዮርክ ሠዓሊ በ1962 (እንደ ፈረንጆቹ) አሳተመው። ፒተር የሚባል ጥቁር ልጅ በረዶ ላይ ሲጫወት ይውልና ለነገ ብሎ አንድ ድቡልቡል በረዶ ኪሱ ይከታል። ሊተኛ ሲል ኪሱን ቢያይ ባዶ! የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020 እንዳሳወቀው፣ በ125 ዓመት ታሪኩ ሰው አብዝቶ የተዋሰው መጽሐፍ ይሄ ነው፤ ከ485 ሺህ ጊዜ በላይ።

የድሬ ልጅ እንዲህ ዓይነት በረዶ የት ያውቃል ትሉ ይሆናል። በረዶ ሲቀልጥ ግን ከድሬ ልጅ በላይ ማን አይቷል? ከፍሪጅ አውጥታችሁ መዳፉ ላይ አድርጉለት፣ ታሪኩ ወዲያው ይገባዋል።

ዋናው ነገር እስከ መጨረሻው አለመሮጥ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነበት ገጽ ላይ ቁሙ። «የት ሄደ?» በሉና ጠብቁ። ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንድ ወር ያህል እንዲህ እየጠየቁና የልጁን መልስ እያሰፉ ያነበቡ ወላጆች ልጆቻቸው በንግግር ከሌሎቹ ቀድመው ተገኝተዋል።

እኛን የሚከብደን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ፊቱ ሲከፋ «አይዞህ፣ ሌላ እንገዛለን» ለማለት እንቸኩላለን። አትቸኩሉ። እዚያ ገጽ ላይ ለፒተርም ሌላ በረዶ የሚያመጣለት የለም፤ ማዘኑ ብቻ ነው ያለው። የሦስት ዓመት ልጅ ደስ የሚል ነገር ሲያልቅበት የሚናገርበት ቃል ገና የለውም። አባቱ ጅቡቲ መስመር ሾፌር ከሆነ ወይም አክስቱ ዓረብ አገር ከሄደች፣ ጥያቄው እዚያች ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል፦ «አባዬስ?» ቀኑን ካወቃችሁ ቀኑን ንገሩት። ካላወቃችሁ አላውቅም በሉት፣ ዝም ብላችሁ «ነገ ይመጣል» አትበሉ።

እንግሊዝኛው አያስጨንቃችሁ። ሥዕሉን እያያችሁ በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም ማውራት ይቻላል፤ ማንበብ የማይችሉ አያትም ይችላሉ። በቋንቋችን የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ እጥረት የቆየ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጥተው ነው አገር ቤት ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት።

መጽሐፍ ካጣችሁ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነፃ የሥዕል ታሪኮች አሉ። አውርዱና ኔቱን አጥፉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ስለሚል፣ ስልኩን እናንተ ያዙት፣ ገጹን እሱ ይግለጥ። «ድገመው» ካለ ድገሙለት። አምስተኛው ዙር ላይ ታሪኩን ራሱ ነው የሚነግራችሁ።