ልጆቻችን ቁርኣን ይቀራሉ፤ ተርቢያቸውስ?



ክረምት ሲገባ በየሰፈሩ ያሉ መድረሳዎች ይሞላሉ። በትምህርት ወራትም ቅዳሜና እሁድ ኮፍያ ያደረጉ ወንዶችና ሒጃብ የለበሱ ሴቶች ልጆች ቃዒዳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ መስጂድ ግቢ ሲገቡ እናያለን። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ዳሩ ግን ልጁን ከመድረሳ ሊወስድ የመጣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የት ደረስክ?» የሚል። «ዐመ ላይ»፣ «ተባረክ ላይ» የሚል መልስ ካገኘ ደስ ብሎት ይሄዳል። «ምን ገባህ? በየትኛው ሠራህበት?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኛም መድረሳ ውስጥ ባስተማርንባቸው ዓመታት የምንጠይቀው ይህንኑ ነበር። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ጁዝ ዐማን በቃሉ ጨረሰ። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ሱረቱል ማዑንን ባማረ ድምፅ ቀራ፤ ተሸለመም። በሳምንቱ ይኸው ልጅ አባቱ የሞተበትን የክፍል ጓደኛውን «እርሳሴን አላውስም» ብሎ እየገፈተረ ከአግዳሚው ሲያስነሳው አየነው። ልንቆጣው ተነሳንና ቆም አልን። ሱረቱል ማዑን የሚያወግዘው የቲምን የሚገፈትርንና ትንሽ የቤት ዕቃ እንኳ ለሰው የሚከለክልን ሰው ነው። ልጁ ሱራውን አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ያውቀዋል። ስለምን እንደሚናገር ግን አንድም ቀን ነግረነው አናውቅም ነበር። ጥፋቱ ከልጁ ይልቅ የኛ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ ላይ ስላሉ ልጆች፣ ማለትም ከ7 እስከ 12 ዓመት ስላሉት፣ የዲን ትምህርትና የስብዕና ግንባታ እንዴት አንድ ላይ ሊሄድ እንደሚችል ያብራራል።

ተዕሊምና ተርቢያ

ተዕሊም ማለት ዕውቀትን ማስተላለፍ ነው። ተርቢያ የሚለው ቃል ግን በዐረብኛ ማደግና መጨመር ከሚል ትርጉም የመጣ ነው። ልጁን ቀስ በቀስ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በእምነቱም በጠባዩም ማሳደግ ማለት ነው። ፊደሉን፣ ተጅዊዱን፣ የውዱእን ግዴታዎች ማስቆጠር ተዕሊም ነው። ልጁ ማንም ሳያየው ውዱኡን አሟልቶ እንዲያደርግ ማድረስ ደግሞ ተርቢያ ነው።

ሁለቱ ተነጣጥለው የሚሄዱ አይደሉም። ሶሓባው ጁንዱብ ኢብን ዐብዲላህ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ለአቅመ አዳም የተቃረቡ ወጣቶች እያሉ ቁርኣንን ከመማራቸው በፊት ኢማንን እንደተማሩ፣ ከዚያም ቁርኣንን ሲማሩ ኢማናቸው እንደጨመረ ተናግረዋል። ሐዲሱን ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በቡኻሪ በተዘገበው ንግግራቸው መጀመሪያ የወረደው ስለ ጀነትና ጀሀነም የሚያወሳው እንደነበረ፣ የሐላልና የሐራም ሕግጋት የወረዱት የሰዎች ልብ ከረጋ በኋላ እንደሆነ ገልጸዋል። ለሕፃናት አስተማሪ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ልብ ቀድሞ ካልተዘጋጀ «አይቻልም፣ ሐራም ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ርቀት አይሄድም።

ሕጉ ኃላፊነቱን ለማን ይሰጣል?

አንዳንድ ወላጆች «ትምህርት ቤት ግብረ ገብ ያስተምሩት የለም ወይ?» ይላሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የግብረ ገብ ትምህርት መኖሩ እውነት ነው፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን በ1987 የፀደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጃችን ስለ አላህ (ሱ.ወ) ሊነግረው አይችልም፤ ከእርሱም አይጠበቅም።

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማትን ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ወላጆችም በእምነታቸው መሠረት ልጆቻቸውን የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት በመስጠት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ የኛ ከሆነ ኃላፊነቱም የኛ ነው ማለት ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። አንድ ልጅ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ እሁድ ሁለት ሰዓት መድረሳ ቢውል በሳምንት ካሉት 168 ሰዓታት አራቱን ብቻ ነው የምናገኘው። አራቱን ሰዓት መድረሳው በአግባቡ ሊጠቀምበት ይገባል። የቀረው ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው በቤተሰብ እጅ ነው።

ከሰባት እስከ አሥር፦ የሦስት ዓመት ትዕግሥት

በአገራችን ልጅ 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። በአቡ ዳውድ የተዘገበው የታወቀው ሐዲስም ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሶላት እንዲታዘዙ ይናገራል። በዚህ ሐዲስ ላይ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር በሰባትና በአሥር መካከል ያለውን ሦስት ዓመት ነው። በቀን አምስት ጊዜ ልጁን «ና እንስገድ» ብለን ብንጠራው በሦስት ዓመት ውስጥ ከ5,000 ጊዜ በላይ ጠርተነዋል ማለት ነው። ያለ ቁጣ፣ ያለ ዱላ፣ በፍቅር ከ5,000 ጊዜ በላይ! ይህን ያህል ጥሪ የሰማ ልጅ አሥር ዓመት ሲሞላው ሶላት የቤቱ ልማድ ሆኖበታል።

ሐዲሱ በአሥር ዓመት ስለመምታት ማውሳቱን ይዘው ዱላን የመድረሳ ደንብ ያደረጉ አሉ። ዑለማዎች ግን ጉዳዩን በብዙ ሸርጥ አጥረውታል። የማይጎዳና ምልክት የማይተው፣ ከፊት የራቀ፣ ለማረም እንጂ ንዴትን ለመወጣት ያልሆነ መሆን እንዳለበት አስረድተዋል። ከሁሉ በላይ ሐዲሱ የሚናገረው ከሦስት ዓመት ማስለመድ በኋላ ሶላትን ስለተወ ልጅ ነው። ሙራጀዓ የረሳን፣ «ضَاد»ን ማውጣት ያቃተውን የስምንት ዓመት ልጅ በጎማ ለመግረፍ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ይጠብቃል።

ኢብን ኸልዱን ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት በሙቀዲማቸው በተማሪዎች ላይ የሚፈጸም ጭካኔ በተለይ ትንንሽ ልጆችን እንደሚጎዳ፣ ልጁ ቅጣቱን ፈርቶ ውሸትንና ማስመሰልን እንደሚለምድ፣ ይህም ጠባዩ ሆኖ እንደሚቀር ጽፈዋል። ባስተማርንባቸው ዓመታት ያየነውም ይኸው ነው። የሚገረፍ ልጅ ቁርኣኑን የሚይዘው ለኡስታዙ ነው። ኡስታዙ የሌለ ቀን ቁርኣኑም የለም። ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ያገለገሉት አነስ (ረ.ዐ)፣ ገና በልጅነታቸው ነበር የጀመሩት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድም ቀን «ኡፍ» ተብለው እንደማያውቁ መስክረዋል።

ከሉቅማን ምክር የምንማረው ቅደም ተከተል

በሱረቱ ሉቅማን ከአንቀጽ 13 እስከ 19 ያለው የአባትና የልጅ ንግግር ለመድረሳ ሥርዓተ ትምህርት ሊሆን የሚበቃ ነው። ሉቅማን የሚጀምረው ልጁን «ልጄ ሆይ» ብሎ በፍቅር በመጥራት ነው። በመጀመሪያ በአላህ እንዳያጋራ ይመክረዋል። ስለ ወላጆች ሐቅ በዚያው ምክር መካከል ይወሳል። ቀጥሎም የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር በቋጥኝ ውስጥ ብትሆን እንኳ አላህ እንደሚያመጣት ይነግረዋል። ሶላት፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል፣ ትዕግሥት ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ሰውን አለመናቅ፣ በኩራት አለመራመድ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይከተላሉ።

ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ዐቂዳ፣ ዒባዳና አደብ በአንድ ምክር ውስጥ ተያይዘዋል። ሁለተኛ፣ ከሶላት ትዕዛዝ በፊት አላህ እንደሚያይ ተነግሯል፤ ይህን ያወቀ ልጅ ተቆጣጣሪ ባይኖርም ይሰግዳል። ሦስተኛ፣ አባትየው ምክንያት ይሰጣል። ድምፅህን ዝቅ አድርግ ሲለው ለምን እንደሆነ የሚገባውን ምሳሌ ይጨምርለታል።

የነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አካሄድ ይኸው ነበር። ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ በእርሳቸው ቤት ያደገ ልጅ ነበር። ሲበላ እጁ በሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ሲያዩት ሦስት አጫጭር ነገሮችን ነገሩት፤ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ ካለው እንዲበላ። አደቡን እዚያው፣ ማዕዱ ላይ፣ ልጁ በሚይዘው መጠን አስተማሩት። የልጅ ልጃቸው ሐሰን የሶደቃ ተምር አፉ ውስጥ ሲከት ደግሞ እንዲተፋው አድርገው የነብዩ ቤተሰብ ሶደቃ እንደማይበላ ነገሩት። ትንሽ ልጅ ነው ብለው ምክንያቱን አላስቀሩበትም። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሿ ወፉ ስትሞትበትም ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫውተውታል። ልጅ የሚያዳምጠው ሐዘኑንና ጨዋታውን የሚያዳምጥለትን ሰው ነው።

ሁለቱን ሰዓት እንዴት እንከፋፍለው?

ከሱረቱል ማዑኑ ልጅ በኋላ የክፍላችንን አሠራር ቀየርን። ሌሎች መድረሳዎች እንደየሁኔታቸው አስተካክለው ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ እንዲህ እናስቀምጠዋለን።

በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከልጆቹ ጋር ሰላም እንባባላለን፤ በሳምንቱ የተሰጣቸውን ተግባር እንዴት እንደፈጸሙት እንጠይቃለን። ቀጥሎ 45 ደቂቃ ቁርኣን ይቀራል፤ አዲስ የተያዘው ሱራ ስለምን እንደሚናገር በሁለት በሦስት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ይነገራቸዋል። ከዚያ 10 ደቂቃ ጨዋታ ነው። ኢማም አል‐ገዛሊ በኢሕያእ ልጅ ከቂርአቱ በኋላ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ጨዋታ የተከለከለና በትምህርት ብቻ የተጨነቀ ልጅ ልቡ እንደሚሞት ጽፈዋል። ከጨዋታ በኋላ 30 ደቂቃ ዐቂዳና ፊቅህ ነው። ውዱእ የሚማሩት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጆግ ይዘው ቧንቧው ጋር ወርደው ነው። የመጨረሻው 20 ደቂቃ የአደብ ነው።

ለአደቡ በወር አንድ ጠባይ ብቻ እንይዛለን። አንዱ ወር የእውነት፣ አንዱ የአማና፣ አንዱ የጎረቤት ሐቅ ይሆናል። በአማና ወር የጠመኔውንና የቃዒዳውን ሳጥን ቁልፍ በየሳምንቱ ለተለያየ ልጅ እንሰጣለን፤ በተለይ «አይታመንም» ለሚባለው ልጅ። በእውነት ወር አጥፍቶ ራሱ የተናገረ ልጅ አይቀጣም፤ ያበላሸውን አብረነው እናስተካክላለን። በጎረቤት ወር ደግሞ ለጎረቤት አንድ መልካም ነገር አድርገው ይመጣሉ። ጎረቤቱ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ሐቁ ሐቅ እንደሆነ ይማራሉ።

በማዑን ሳምንት ለክፍሉ አንድ ባዶ የወተት ጣሳ አቀረብን። ትርፍ እርሳስ ያለው እንዲከት፣ የሌለው ሳይጠይቅ እንዲወስድ ተነጋገርን። ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት እርሳስ ይዞ መጣ፤ ከዚያም ሄዶ የገፈተረው ጓደኛው አጠገብ ተቀመጠ። ማንም ይቅርታ ጠይቅ አላለውም።

ቤት ያላስተማረውን

መድረሳው ያለማውን ቤት ሊያፈርሰው ይችላል። ልጁ እውነት መናገርን ተምሮ ሲመለስ በሩ ሲንኳኳ «አባዬ የለም በል» ከተባለ የሚይዘው የቤቱን ነው። አንዲት እናት ልጇን «ና እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው አስበሽ ነው ብለው ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ሐዲሱ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። እንግዲህ ለልጅ የሚነገር ትንሽ ማታለያ እንኳ ከቁጥር የሚገባ ነው።

ወላጆች ሦስት ነገር ብቻ ቢያደርጉ ብዙ ይለወጣል። ቢያንስ አንድ ወቅት ሶላት፣ ለምሳሌ መግሪብን ወይም ዒሻን፣ ከልጆች ጋር በጀማዓ ይስገዱ። በእራት ሰዓት ስልካቸውን አስቀምጠው ልጁ በሳምንቱ የተማረውን እንዲያስተምራቸው ይጠይቁት። ከኡስታዙ ወይም ከኡስታዛዋ ጋር በወር አንድ ጊዜ ስለ ልጁ ጠባይ ይነጋገሩ።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። የስድስት ዓመቱንና የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ፣ ለስልሳ ልጅ አንድ ኡስታዝ መድቦ፣ ለኡስታዙም የትራንስፖርት እንኳ ሳይከፍሉ ተርቢያ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ሚናራ የሚታደሰው በሁላችን መዋጮ ከሆነ የመድረሳ አስተማሪን ማሠልጠንና ደመወዙን መሸፈንም ከዚያው መዋጮ ሊታሰብለት ይገባል።

ዛሬ ልጅዎን ከመድረሳ ሲወስዱ «የት ደረስክ?» ማለቱን አይተዉት፤ ሒፍዝ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨምሩበት፤ «የቀራኸው ሱራ ምን አድርግ ይልሃል?» ይበሉት። መልሱን ካላወቀው አይቆጡት። አብራችሁ ፈልጉት።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ቁርኣንን በአንደበታቸውም በጠባያቸውም የሚሸከሙ ያድርጋቸው። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።