የአቃቂ ፋብሪካዎችና የ1966 ዓ.ም. ሕዝባዊ ንቅናቄ

ስለ 1966 ዓ.ም. ንቅናቄ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ትረካቸውን የሚጀምሩት ከስድስት ኪሎ ደጃፍ ወይም ከነገሌ ቦረና የጦር ሠፈር ነው። ተማሪው ስለ መሬት ጮኸ፤ ወታደሩ አመፀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ ይባላል። ይህ አነጋገር ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ከከተማው በስተደቡብ ከአቃቂ ለመነሣት የመረጥነው፣ የደመወዝና የእንጀራ ጥያቄ እንዴት የመንግሥት ጥያቄ ሊሆን እንደቻለ ከፋብሪካ ደጃፍ ሆኖ ሲመለከቱት ይበልጥ ስለሚገለጥ ነው።

አቃቂ በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ክፍል ሳይሆን ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር ዋናው ከተማ ከመግባቱ አስቀድሞ በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ ደርሶ ነበር። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ወንዝ፣ ሜዳ፣ ሐዲድና የደብረ ዘይት አውራ ጎዳና በአንድ ስፍራ ስለተገናኙ፣ ፋብሪካ ለሚተክል ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በቅርብ አይገኝም ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያም የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ገንዘብ የገባበት ኢንዶ ኢትዮጵያን የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚሁ ተተከለ።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለአድማ ያለው ጠባይ ከሌላ ሥራ ይለያል። ጥጡ ይፈለቀቃል፣ ይዳመጣል፣ ይፈተላል፤ ፈትሉ ይጠነጠንና ወደ ሽመናው ክፍል ያልፋል፤ ከዚያም ይነጣል ወይም ይቀለማል። እያንዳንዱ ክፍል ከፊቱ ያለው ካላቀበለው ሥራ ይፈታል። ስለዚህ መፍተያው ላይ ያሉት እጃቸውን ቢያነሡ ሸማኔው ባይፈልግም እንኳ ማቆሙ አይቀርም። በፈረቃ ለውጥ ጊዜም የሚወጣውና የሚገባው ሠራተኛ በአንድ በር ላይ ስለሚገናኝ ወሬው ያለ ጋዜጣና ያለ ራዲዮ ይዳረሳል። ገበሬው ከዚህ ሠራተኛ የበለጠ የተበደለ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ተራራና ሸለቆ የለያየው ገበሬ በአንድ ሌሊት ተስማምቶ እጁን ለማጠፍ የሚያስችል እንዲህ ያለ በር አልነበረውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የማኅበሩ ነው። ሠራተኛው ከሕጉ በፊት የሚረዳዳው በእድር ነበር፤ እድሩ ግን ለቀብርና ለሐዘን እንጂ ለደመወዝ ክርክር አልቆመም። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው፣ በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 የጸናው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሠራተኛ ማኅበርን ፈቀደ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም (ኢሠአማ) በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሕጉ ጠባብ ነበር፤ በድርጅት ደረጃ ማኅበር ማቋቋም የሚችሉት 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ሲሆኑ፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛና የቤት አገልጋይ ከነጭራሹ ተገለሉ። ቢሆንም ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ማንም የማይከራከረው አድርጎት ነበር፤ ለፓርላማም ሰው በግሉ ይመረጣል እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ታዲያ በመላ አገሪቱ ቅርንጫፍ ኖሮት፣ አባል መዝግቦና መዋጮ ሰብስቦ፣ ከሹማምንት ፊት በሕግ የሚቀርብ የተራው ሕዝብ ድርጅት ከሠራተኛውና ከመምህራኑ ማኅበር ሌላ ምን ነበር? ንጉሠ ነገሥቱ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ፣ በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ ወዲህ ሕዝቡ በየአቤቱታው ወደ አንድ ሰው ሲመለከት ኖሯል። እንዲህ ባለ አገዛዝ የደመወዝ አቤቱታም ቢሆን መጨረሻው ያው ከአንዱ ዙፋን ፊት ነው።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገጣጠመ። የወሎ ረኃብ ተደብቆ መቅረቱ አብቅቷል። በዓለም የነዳጅ ዋጋ መናር ምክንያት የቤንዚን ዋጋ ከፍ አለ፤ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለው ዕቅድም መምህሩንና ወላጁን አስቆጣ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ። ቀደም ሲል ጥር 4 ቀን በነገሌ የተጀመረው የወታደሮች አመፅ ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይልና ወደ አሥመራ ተዛመተ። የካርታውን ነገር ልብ ይሏል፤ አቃቂ የሚገኘው ከአራተኛ ክፍለ ጦር መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አየር ኃይሉ ሠፈር ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው ጎዳና ላይ ነው። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ዝቅ አደረገ፣ ዕቅዱን አቆየ፣ ለወታደሩም ደመወዝ ጨመረ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ የካቲት 21 ቀን ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ተተኩ።

ከዚህ በኋላ ኢሠአማ በፕሬዚዳንቱ በበየነ ሰሎሞን ዘመን በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው ከየካቲት 28 ቀን ጀምሮ ለአራት ቀን ቆየ። ጥያቄዎቹ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ የዋጋ ቁጥጥር፣ ጡረታና ሕጉ ላገለላቸው ሰዎች የመደራጀት መብት የመሳሰሉ ነበሩ። አንዱም ዘውድን አልጠቀሰም። ነገር ግን ፋብሪካውም ባንኩም ሲዘጋ፣ መንግሥት ከሠራተኛ ጋር ጠረጴዛ ይዞ መፈራረሙ ራሱ ያልተለመደ ነገር ነበር። መጋቢት 2 ቀን ስምምነት ተደረገ፤ አድማው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ቀጠለ። ምድር ባቡርና ሲቪል አቪዬሽን ተከተሉ፤ ካህናት እንኳ ሳይቀሩ አቤቱታቸውን ይዘው ወጡ። ሚያዝያ 12 ቀንም በአዲስ አበባ ስለ ሙስሊሞች እኩልነት እጅግ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር እናቅርብ። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በጎረቤታችን በሱዳን ጠቅላላ አድማ የጄኔራል አቡድን መንግሥት ጥሏል። በካርቱም ግን የታገዱ ቢሆኑም ፓርቲዎች ነበሩ፤ የባለሙያዎች ማኅበራትም ግንባር ፈጥረው በሲቪል ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመራ የሽግግር መንግሥት አቋቋሙ። በእኛ አገር አድማው ካቢኔን ሊያንገዳግድ ቢችልም የወደቀውን ሥልጣን ተቀብሎ የሚይዝ አካል በሲቪሉ በኩል አልተዘጋጀም። ስለዚህ ሰኔ 21 ቀን የተቋቋመው ደርግ ሹማምንቱን አንድ በአንድ እያሠረ ሄደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን አሳፍሮ ወሰዳቸው። ወታደሩ ንቅናቄውን ሰረቀ የሚል አነጋገር በብዛት ይሰማል። በእኛ አስተያየት ግን ደርግ የገባው ባዶ ሆኖ በቆየ ስፍራ ነው፤ ባዶ ያደረገውም ፓርቲን የከለከለው የቀድሞው ሥርዓት ራሱ ነበር።

ሠራተኛው ይህን ሳይገነዘብ አልቀረም። በዚያው በመስከረም ወር ኢሠአማ የሕዝብ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ፤ ወዲያው መሪዎቹ ታሠሩ። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. 72 ድርጅቶች ሲወረሱ የአቃቂው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በመንግሥት እጅ ገባ። ከዚህ በኋላ አሠሪውና ሕግ አውጪው አንድ ሆነ፤ ደመወዝ የሚጠይቅ ሰው ከሕንዱ ሥራ አስኪያጅ ጋር ሳይሆን ከአብዮቱ ጋር ተጣላ ይባል ጀመር። መስከረም 14 ቀን 1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ወታደሮች በሠራተኞች ላይ ተኮሱ። ከአምስት ቀን በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢሠአማም በዚያው ዓመት ፈረሰ። በ1969 ዓ.ም. በቦታው የተተካው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በየፋብሪካው ስብሰባ ያካሂድ ነበር፤ የስብሰባውን አጀንዳ ግን የሚያወጣው መንግሥት ነበር።