የተማሪዎችን የፊት ጥርስ ስለ መጠበቅ

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ የአባትና የእናት ግዴታ መሆኑን ዛሬ የሚክድ የለም። ነገር ግን በጧት በደኅና የሄደው ልጅ ማታ የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ሲመለስ፣ ብዙዎች «ልጅነት ነው» ብለው ያልፉታል። ይህ ግን የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅለው የላይኛው የፊት ጥርስ አንድ ጊዜ ከጠፋ ሌላ አይተካውምና። ጥርሱ የተሰበረበት ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ በክፍልም ተነሥቶ ማንበብ ያፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እስከ 12 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶው 20 ያህሉ እንዲህ ያለ ጉዳት ያገኛቸዋል።

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐ ቤቴን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቤቱና አጥሩ የድንጋይ ካብ፣ መንገዱም ድንጋያማ ነው። በገና ሰሞን ደግሞ ልጆች ጫፉ ቆልማማ በሆነ ዱላ ሩሯን ሲመቱ፣ ዱላው የጓደኛን አፍ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። በገና ጨዋታ ቁጣ አይገባም ሲባል መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተመታው ልጅ ቂም እንዳይይዝ ነው እንጂ ጉዳቱን ደብቆ እንዲቀመጥ አይደለም። ከዚህም ሌላ መገፋፋት፣ ድብድብና የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት ጥርስን ይሰብራሉ። የላይኛው ጥርሱ ወደ ፊት የወጣና ከንፈሩ የማይሸፍንለት ልጅ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይጎዳል።

እንግዲህ ጉዳት ሲደርስ የሚደረገውን ሁሉም ይወቅ። ቋሚው ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ አይጣል። ሥሩን ሳይነኩ በነጩ በኩል ይዞ፣ ቢቆሽሽ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለአፍታ ብቻ አለቅልቆ፣ ሳይፍቁ ወደ ቦታው መመለስና ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ይህ ባይቻል በወተት ውስጥ ተደርጎ ከልጁ ጋር ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ወተት ደግሞ ከብት ባለበት አገር ሩቅ አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው የተመለሰ ጥርስ የመዳን ተስፋ አለው፤ ደርቆ የዘገየው ግን ተስፋው ያነሰ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስ፤ ከበታቹ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላልና።

ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ዙሪያ ካለው ገጠር እስከ ሐኪም ቤት ያለው መንገድ ረጅም ስለ ሆነ፣ ያች የመጀመሪያይቱ ሰዓት ያለችው በመምህሩና በእናቲቱ እጅ ነው። ስለዚህ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ፤ የመጫወቻው ሜዳ ድንጋዩ ይለቀም፤ በገናም ሰሞን አንድ ትልቅ ሰው ከሜዳው ዳር ይቁም። ወላጆችም የጥርስን ነገር እንደ ዓይን ነገር ይቍጠሩት።