የፈረስ ረሃብ ከአፉ ሲጀምር

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ፣ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ፣ ሰፍሮ ነበር። ገበያና ፈረስ በተጎራበቱበት ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ የተጣለውን ጎመንና ካሮት ለፈረስ ብንሰጠውስ? መልሱ ከጥርሱ ይጀምራል።

የፈረስ መንጋጋ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከድዱ እየወጣ በማኘክ ያንኑ ያህል ያልቃል። ሜዳ የተለቀቀ ፈረስ በቀን እስከ 16 ሰዓት ሲግጥ ሻካራው ሣር ጥርሱን ይሞርድለታል። ታስሮ ፍሩሽካና ለስላሳ ቅጠል የሚቀርብለት ግን አገጩን ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ አያኝክም። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ ሳይፋጭ የቀረው ጠርዝ ይሾላል፤ የላዩ ጉንጩን፣ የታቹ ምላሱን ያቆስላል።

ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ባለጋሪው ነው። ፈረሱ ጭዱን አኝኮ አኝኮ፣ የረጠበ ጥቅል አድርጎ መልሶ ይተፋዋል። ሲያኝክ አንገቱን ያጋድላል፤ ልጓም ሲገባለት ይታገላል፤ ፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ ይታያል። ብዙዎች እልኸኛ ነው ብለው አለንጋ ያነሣሉ። አፉ ለቆሰለ እንስሳ ይህ ግፍ ነው።

ውርንጭላ 24 የወተት ጥርስ ያበቅላል። የፊቶቹ በ2 ተኩል፣ በ3 ተኩልና በ4 ተኩል ዓመት ገደማ እየተተኩ በ5 ዓመቱ አፉ ይሞላል። ልጓምና ጋሪ የሚለምደውም በዚሁ ዕድሜ ስለሆነ በየ6 ወሩ ማስመርመር ይገባል፤ ከዚያ በዓመት አንዴ ይበቃል። የሾለውን ጠርዝ ማንሣት የሰለጠነ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። አፉን በመሣሪያ ከፍቶ፣ እጀታው በረዘመ ሞረድ ጠርዙን ብቻ ይነካል፤ ማኘኪያው ገጽ ሻካራ ሆኖ መቅረት አለበት። ቢሾፍቱ ላይ ዶንኪ ሳንክቸሪ የተባለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ጋር የጋማ ከብትን ጥርስ ጭምር ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል።

አሁን ወደ ካሮቱ። ጉልበቱ አልቆ መንገድ ዳር የተለቀቀ የጋሪ ፈረስ ትራፊ ሲለቅም ማየት ያሳዝነኛል፤ ሆዱ ሳይሞላ ጉሮሮው ሊዘጋ ይችላል። ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ካሮት ወይም ድንች ሳያደቅ ሲውጥ ይቀረቀርበታል፤ ምራቅና መኖ በአፍንጫው ይወርዳል። ያኔ መኖውን አንሥቶ ሐኪም መጥራት ነው። ውኃ በግድ ማንቆርቆር ሳንባው ውስጥ ያስገባበታል። ጥቅል ጎመንም ሆድ ይነፋል። ለአዛውንቱ በውኃ የራሰ ፍሩሽካና አጥሮ የተከተፈ ድርቆሽ ይሻለዋል። ጥርሱ ለጸና ፈረስ ካሮት ከተሰጠ ግን በቁመቱ ቀጠን ተደርጎ ይሰንጠቅ እንጂ ክብ ክብ ተደርጎ አይቆረጥ።